አፈሩ ሳይናድ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በከባድ ማሽን ለሚቆፍሩ ዝርዝር መመሪያ

ስንጥቁን ያየሁት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ለአንድ ቤት የኋላ ድጋፍ ግንብ ለመሥራት ሦስት ሜትር ያህል ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠ ተዳፋት ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ከአፋፉ አንድ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ ከአፋፉ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ፣ ትንሿን ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፍቷል። ማታ ስንወጣ አልነበረም። ለኃላፊያችን ነገርኩት። "ዛሬ ኮንክሪት ይሞላል፣ ልጆቹ ቶሎ ገብተው መሠረቱን ይጥረጉ" አለኝ። ዝም አልኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ገልባጩ አፈር ሊጭን በዚያው በኩል በሪቨርስ ተጠጋ። የኋላ ጎማው ስንጥቁ ጋ ሳይደርስ ግድግዳው እንዳለ ቁጭ አለ። ታች ሲጠርግ የነበረው ልጅ እስከ ደረቱ ተቀበረ። ነፍሱ ተርፋለች፤ ዳሌው ግን ተሰብሮ ነበርና ዛሬም ያነክሳል።

ያን ጠዋት ዝም ባልል ኖሮ ልጁ በደህና እግሩ ይሄድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፎርማን ሆኜ በብዙ ቁፋሮ ላይ ቆሜያለሁ፤ የማደርገውንና የማስደርገውን በቅደም ተከተል እነሆ። ለኦፕሬተሩም፣ ለካቦውም፣ ለባለቤቱም ይሆናል። ከሁሉ በፊት ግን ዶማና አካፋ ይዞ ጉድጓድ ለሚወርደው የቀን ሠራተኛ ነው የጻፍኩት።

አንደኛ፦ የምትቆፍሩትን አፈር እወቁት

ደሴና ኮምቦልቻ በመኪና ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ቢለያያቸውም አፈራቸው አንድ አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሀል የተቀመጠች ከተማ ናት። ተዳፋቶቿ ላይ ያለው አፈር አብዛኛው ከላይ ከተራራው እየተንከባለለ የተጠራቀመ፣ ድንጋይና ሸክላ የተደባለቀበት ነው፤ በመሀሉ ምንጭ ይሄዳል። ቁፋሮ ማለት እንዲህ ያለውን ተዳፋት እግሩን መቁረጥ ነው። ከተማዋ ናዳን የምታውቀው ዛሬ አይደለም፤ በየክረምቱ ግንብና ቤት ሲሰነጠቅ ያላየ የደሴ ሰው የለም።

የሐረጎን ዳገት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ይላል፤ መሬቱም ይተኛል። ሜዳ ሲያይ ሰው ይዘናጋል። የቦርከና ዳርቻ ግን ወንዝ ያመጣው ደለልና መረሬ፣ ማለትም ጥቁር ሸክላ አፈር፣ ነው። መረሬ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በበጋ ስትቆፍሩት እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር ቀጥ ብሎ የሚቆም ይመስላችኋል። ነገር ግን ስንጥቆቹ አስቀድመው ቆርጠውታል፤ የሚጠብቀው የሚገፋውን ብቻ ነው። ወንዙ አጠገብ ደግሞ ሁለት ሜትር ሳትወርዱ ውሃ ሊያጋጥማችሁ ይችላል።

አፈሩን ለመፈተን ላቦራቶሪ የግድ አይደለም። ባኬቱ አሁን ካወጣው ጓል አንዱን አንሱና በአውራ ጣታችሁ ተጫኑት። በብዙ ጉልበት ትንሽ ምልክት ብቻ ከተወ ጠንካራ ነው። ጣታችሁ ሳትቸገሩ ከሰመጠ ደካማ ነው። ቀጥሎ ትንሽ ውሃ ነካ አድርጋችሁ በመዳፋችሁ መሀል እንደ ቀጭን ክር አድቦልቡሉት። ጣት የሚያህል ርዝመት ኖሮት በአንድ ጫፉ ስታንጠለጥሉት ካልተበጠሰ ሸክላነት አለው፤ ከተፈረፈረ አሸዋማ ነውና አትመኑት።

ከዚህ ሁሉ ግን የሚበልጥ አንድ ጥያቄ አለ፦ እዚህ ቦታ ከዚህ በፊት ተቆፍሮ ያውቃል ወይ? አሮጌ የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ የውሃ ቱቦ መስመር፣ የፈረሰ ቤት መሠረት፣ ጭነው አምጥተው የደፉት ሙሌት አፈር ካለ፣ ፈተናውን ቢያልፍም ደካማ ብላችሁ መዝግቡት። ይህን የሚያውቁት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ማሽኑ ሳይገባ አንድ ሰዓት ወስዳችሁ ጎረቤት ያሉ አባቶችንና እናቶችን ጠይቁ። እኔ አንድ ጊዜ የተዘጋ የሽንት ቤት ጉድጓድ ከቁፋሯችን ግማሽ ሜትር ርቀት ላይ እንዳለ የነገሩኝ ቡና ያፈሉልን እናት ናቸው። ፕላኑ ላይ አልነበረም።

የክብደቱንም ነገር ለሠራተኞቻችሁ ንገሩ። አንድ ሜትር ኪዩብ አፈር ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ቶን ይመዝናል፤ አንዲት አውቶሞቢል ደረት ላይ እንደማቆም ነው። ለዚህ ነው ጭንቅላቱ ከአፈር ውጭ የሆነ ሰው ታፍኖ የሚሞተው። አየር ባስወጣ ቁጥር አፈሩ ደረቱን ጠበቅ ያደርገዋል፤ መልሶ ለመሳብ የሚነሳበት ቦታ አይኖረውም።

ሁለተኛ፦ ግድግዳውን አጋድሙት፣ ካልሆነ ደግፉት

በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ ይህ ነው፦ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ውስጥ ግድግዳው ሳይጋደም ወይም ሳይደገፍ ሰው አይገባም። አፈሩ ካላማራችሁ ከዚያ ባነሰም አይገባም፤ ተንበርክኮ ቱቦ የሚገጥም ሰው በአንድ ሜትር ጥልቀትም ይቀበራል።

ምን ያህል ይጋደም? ስንጥቅ የሌለበት ጠንካራ ሸክላ ከሆነ ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ጥልቀት ሰባ አምስት ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ይሂድ። መካከለኛ አፈር ለአንድ ሜትር አንድ ሜትር። አሸዋማ፣ ሙሌት፣ የራሰ ወይም ውሃ የሚያዥ ከሆነ ለአንድ ሜትር አንድ ሜትር ተኩል። እንግዲህ ሦስት ሜትር ጥልቀት ያለው ደካማ አፈር በአንድ በኩል ብቻ አራት ሜትር ተኩል ወደ ኋላ ይጋደማል ማለት ነው። እኔ በበልግና በክረምት ደሴ ላይ የትኛውንም አፈር በሦስተኛው ልክ ነው የማስቆፍረው። ባለቤቶች "አፈር ማስጫኛው በዛ" ይሉኛል፤ አዎ ይበዛል።

ችግሩ ደሴ ላይ አራት ሜትር ተኩል ወደ ኋላ ብትሄዱ የጎረቤት ሳሎን ውስጥ ትገባላችሁ። እንዲህ ሲሆን ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛው ሙሉውን ርዝመት በአንድ ቀን አለመቁረጥ ነው። ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል በሚሆን ቁራጭ፣ አንዱን ቆፍራችሁ ቀጣዩን ዘልላችሁ ሂዱ። የተቆፈረው ተገንብቶ ሲደርቅ የተዘለለውን ትቆፍራላችሁ፤ ያልተነካው አፈር እስከዚያ ተዳፋቱን ደግፎ ይቆያል። ቀኑ ይረዝማል እንጂ ጎረቤትም ሠራተኛም ይተርፋል።

ሁለተኛው በእንጨት መደገፍ ነው፤ በተለይ ለቱቦና ለፍሳሽ መስመር ቁፋሮ። ወፍራም ጣውላ በሁለቱም ግድግዳ ላይ ቁመቱን ይቁም። በጣውላው ላይ አግድም ሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን ወፍራም እንጨት) ይሂድ። በሁለቱ ሞራሌዎች መሀል ደረቅና ቀጥ ያለ፣ ጭነት የሚችል የባሕር ዛፍ እንጨት ተወጥሮ ይገባና በሽብልቅ ይጠብቃል። ሲገጠም ከላይ ወደ ታች ነው፤ የሚገጥመው ሰው ሁልጊዜ የቆመው በተደገፈው ክፍል ውስጥ ይሆናል። ሲነቀል ከታች ወደ ላይ፣ አፈር እየተሞላ። ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ሲነቀል ነው፣ ሥራው አለቀ ተብሎ ልብ በሚያርፍበት ሰዓት። ጥልቀቱ ስድስት ሜትር ካለፈ ወይም ከላይ ፎቅ ወይም መንገድ ካለ ይህ የፎርማን ሥራ አይደለም፤ መሐንዲስ አስልቶ ይፈርምበት።

ሦስተኛ፦ ማሽኑንና አፈሩን ከአፋፉ አርቁ

የተቆፈረው አፈር ከአፋፉ ቢያንስ ስልሳ ሳንቲሜትር ይራቅ ይባላል። እኔ ከሜትር በታች አልቀበልም፤ ኦፕሬተር ሲቸኩል ሜትሩ ወደ ስልሳ ይወርዳል፣ ስልሳ ያልኩት እንደሆነ ግን አፈሩ አፋፉ ላይ ይቆለላል። ድንጋይ፣ ብሎኬት፣ ፌሮም እንደዚያው።

ለገልባጭ፣ ለሎደርና ለሮለር ርቀቱ ቢያንስ የጉድጓዱን ጥልቀት ያህል ይሁን፤ ሦስት ሜትር ከተቆፈረ ሦስት ሜትር። ደካማ አፈር ላይ ከዚያም ይጨምር። ይህን በቃል ብቻ አትተዉት። በርቀቱ ልክ ወፍራም ግንድ አጋድማችሁ በትላልቅ ድንጋይ አስደግፉት፣ ሾፌሩ በሪቨርስ ሲመጣ ጎማው እንዲነግረው። የዚያን ቀን የእኛ ገልባጭ ፊት አንድ ግንድ ብትኖር ኖሮ ይበቃ ነበር።

ኤክስካቫተር አፋፍ ላይ ሆኖ ሲቆፍር ሰንሰለቱ ወደ አፋፉ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ የሚነዳው ጥርስ ያለው ጎማ ወደ ኋላ ሆኖ፤ መሬቱ ቢከዳ ቶሎ ወደ ኋላ መውጣት ይችላል። በጎኑ ከቆመ አንዱ ሰንሰለት ሲሰምጥ ይገለበጣል። ከቆመበት ሥር ፈልፍሎ መቆፈርም ክልክል ነው።

ከዚያ የሰውና የማሽን ነገር። ኤክስካቫተር ሲዞር ከኋላ ያለው ክብደት ሰውን ከግንብ ጋር አጣብቆ ይጨፈልቃል። ስለዚህ በማሽኑ ጀርባና በማናቸውም ግንብ ወይም ክምር መካከል ቢያንስ አንድ ሜትር ክፍት ይኑር፤ ያ ክፍት ቦታ ደግሞ በገመድ ይታጠር እንጂ የሰው መተላለፊያ አይሁን። ለልጆቹ የማስተምረው አንድ ቃል ነው፦ የኦፕሬተሩን ዓይን ካላየህ እሱም አላየህም። ወደ ማሽኑ መጠጋት ያለበት ሰው ቆሞ በእጁ ምልክት ይሰጣል፣ ኦፕሬተሩ ባኬቱን መሬት አስቀምጦ እጁን ከማንሻው ያነሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚጠጋው። ምልክት ሰጪ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ "ቁም" የሚለውን ምልክት ግን ማንም ይስጥ፣ ውሃ የምታቀብለዋም ጭምር፣ ኦፕሬተሩም ሳይጠይቅ ያቁም። ባኬት ውስጥ ሰው አይጫንም፤ ወደ ጉድጓድ ለማውረድም ቢሆን።

የደሴ ዳገት ላይ ለገልባጭ ሾፌሮች የምለው አለኝ። ወደ ጎን ባጋደለ መሬት ላይ ሳጥኑን አታንሱ፤ እርጥብ አፈር በአንድ በኩል ተጣብቆ ሲቀር መኪናው ይገለበጣል። ሳጥኑ ተነስቶ መንዳት የለም፤ ከላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ቀና ብላችሁ እዩ። ስትቆሙ እጅ ፍሬን ብቻ አይበቃም፣ ታኮ አስገቡ።

አራተኛ፦ ጠዋት ጠዋት ዙሩ

ማንም ሰው ሳይወርድ በፊት አንድ ኃላፊነት ያለው ሰው ጉድጓዱን ይዞራል። ከዝናብ በኋላ እንደገና። ከምሳ በኋላም፤ ፀሐይ ያደረቀው አፈር ይለቃል። መጀመሪያ በላይ፣ ከአፋፉ ራቅ ብላችሁ፣ ከአፋፉ ጋር የሚሄድ ስንጥቅ ፈልጉ። ሣር ወይም ልቅ አፈር ሸፍኖት ይሆናልና በእግራችሁ ጠረግ አድርጉ። ቀጥሎ ግድግዳውን እዩ፦ እግሩ ወደ ውስጥ አብጧል? ከላይ ትናንሽ ጠጠር ይወርዳል? ትናንት ደረቅ የነበረ ቦታ ዛሬ ረጥቧል? ጆሯችሁንም ስጡ፤ ማሽኑ ሁሉ ጠፍቶ ለአንድ ደቂቃ ዝም ብላችሁ ስትቆሙ የሚረግፍ አፈር ይሰማል።

ስንጥቅ ካገኛችሁ ሥራው ቆሟል። እየሰፋ መሆኑን ለማወቅ በስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት ካስማ ምቱና መሀላቸውን በሜትር ለኩ፤ ቁጥሩን ከነሰዓቱ ጻፉ። የጎረቤት ግድግዳ ላይ የታየ ስንጥቅ ከሆነ ትንሽ ጀሶ ለስኑበትና ቀኑን ጻፉበት። ጀሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ እየሄደ ነው፤ ሰዎቹን አስወጡ።

ውሃ የሁሉ ነገር መጀመሪያ ነው። ከቁፋሮው በላይ በኩል ጎርፍ የሚቀይስ ቦይ ሳይወጣ ቁፋሮ አትጀምሩ። የጎረቤት ጣሪያ አሸንዳ ወደ አፋፋችሁ የሚፈስ ከሆነ በራሳችሁ ወጪ ቱቦ ግጠሙለት። ጥልቅ ቁፋሮን ከቻላችሁ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ጨርሱት። ወሎ ላይ የበልግ ዝናብ አለ፣ ሐምሌና ነሐሴን ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል።

ጉድጓዱ ውስጥ ያለ ሰው በየትኛውም ቦታ ቢሆን ከሰባት ሜትር ተኩል ሳይርቅ መሰላል ያግኝ፤ መሰላሉም ከአፋፉ አንድ ሜትር ከፍ ይበል። ላይ ደግሞ ፊሽካ የያዘ ተመልካች ይቁም። ተመልካች ማለት አሸዋ የማያነሳ፣ ስልክ የማይነካ፣ ግድግዳውን ብቻ የሚያይ ሰው ነው። የአንድ ሰው የቀን አበል ነው፤ ከሁሉም መሣሪያ ይልቅ ሕይወት ሲያተርፍ ያየሁት እሱ ነው።

ለአለቃ "አቁም" ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔ ያልቻልኩት እሱን ነው። ስለዚህ ቃሉን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። እኔ አሁን የምለው ይህን ነው፦ "ኢንጂነር፣ አፋፉ ላይ ትናንት ያልነበረ ስንጥቅ አለ። መጥተው ይዩት፤ እስኪያዩት ድረስ ማንንም አላስገባም።" "አደገኛ ይመስለኛል" አልልም፤ "ይመስለኛል" ያከራክራል፣ ስንጥቅ ግን ይታያል። ስንጥቁንም በስልክ አንስቼ እልክለታለሁ። ምስሉ ከተላከ በኋላ "ግቡ" የሚል አለቃ እስካሁን አልገጠመኝም። ካቦዎችም ልብ በሉ፤ ልጆቹ ፈርተው "ጋሼ፣ ደህና ነው?" ሲሉ እየጠየቁ ያሉት እንድታዩላቸው ነው።

አምስተኛ፦ ከተናደ

ዘላችሁ ጉድጓዱ ውስጥ አትግቡ። ይህን ከሁሉ አስበልጣችሁ ያዙት። አንዴ የተናደ ግድግዳ ሁለተኛ ይናዳል፤ ከላይ ድጋፍ አጥቶ የተንጠለጠለ አፈር ይቀራል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው ናዳ ከ200 በላይ ሰው ሲፈጅ፣ ብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹን ተቀባሪዎች ሊያወጡ የሮጡ ነበሩ። ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ። ወገን ሲቀበር መሮጥ የእኛ ባሕል ነው፤ እጅግም ያኮራል። ግን ሩጫው መጀመሪያ ወደ እንጨቱና ወደ ጣውላው ይሁን።

ወዲያው ሁሉም ማሽን ይጥፋ፤ የሞተር ንዝረት አፈር ያወርዳል። ገልባጩ ግን አፋፉ ላይ ካለ አይንቀሳቀስም፣ በቆመበት ይጥፋ። አንድ ሰው ብቻ ያዝዝ። አንዱ ወደ 907 ወይም አስቀድማችሁ ስልኩን ግድግዳ ላይ ወደጻፋችሁለት የአቅራቢያ አምቡላንስ ይደውል፣ ሌላው ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ መኪናውን ይምራ። ደሴ ላይ ሳይቱን ፈልጎ ማግኘት ራሱ ጊዜ ይበላል። የሚሰበሰበውን ሕዝብ ከአፋፉ አርቁት፤ ሃምሳ ሰው አፋፍ ላይ ሲቆም ሦስት ቶን ነው።

ስንት ሰው ታች እንደነበረ ቁጠሩ። መጨረሻ የታዩበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ግድግዳው ከተደገፈ በኋላ ጥቂት ሰዎች በመሰላል ይውረዱና መጀመሪያ የፊቱንና የደረቱን አፈር ያንሱ። ሰውየው አጠገብ ስትደርሱ አካፋውን ጣሉት፣ በእጅ፣ በትንሽ ሳህን፣ በቆርቆሮ ጣሳ ዝቁ። አፈሩን ባልዲና ባሬላ እየተቀባበላችሁ ከአፋፉ አርቁት። ኤክስካቫተር የተቀበረ ሰው አጠገብ ባኬት አያስገባ፤ የእኛ ኦፕሬተር ከልቡ ሊያድን ብሎ ሊያስገባ ሲል ነው የያዝነው።

እኛ ያጠፋነው ሌላ ነው። እስከ ደረቱ የተቀበረውን ልጅ ብብቱን ይዘን ለአራት ጎተትነው። ጮኸ፤ አልተነቃነቀም። እስከ ወገቡ የተቀበረን ሰው በጉልበት ማውጣት አይቻልም፣ አፈሩ ይዞታል፤ የሚሆነው አጥንቱን ማላቀቅ ነው። እስከ እግሩ ድረስ ተቆፍሮ ነጻ ሲሆን ብቻ አንሱት።

እግሩ ወይም ጭኑ በድንጋይ ወይም በማሽን ረዘም ላለ ጊዜ፣ በተለይ ከአንድ ሰዓት በላይ የተጨፈለቀ ሰው ደግሞ ሌላ አደጋ አለበት። ጭነቱ ሲነሳ ከተጎዳው ሥጋ ውስጥ የተጠራቀመው መርዝ ወደ ደሙ ይሄድና ልቡን ሊያቆም፣ ኩላሊቱን ሊጎዳ ይችላል። "ውሃ ስጠኝ" እያለ ሲያወራ የነበረ ሰው በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ የሚሞተው በዚህ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ባለሙያ ደርሶ በደም ሥሩ ፈሳሽ ሳይጀምርለት ጭነቱን አታንሱ፣ መተንፈስ ካልቻለ በስተቀር። የተያዘበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለሐኪሙ ስጡ። የሚበላም የሚጠጣም አትስጡት። ደሴ ብርድ ነው፤ እርጥብ አፈር ደግሞ ሙቀት ይመጥጣል፤ ጋቢ ደርቡለት፣ ስሙን እየጠራችሁ አናግሩት። ሲወጣ አከርካሪው እንዳይታጠፍ በሰፊ ጣውላ ወይም በተነቀለ በር ላይ አስተኝታችሁ አንሱት እንጂ በሸክም አትውሰዱት።

ስድስተኛ፦ ከአደጋው በኋላ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪውን ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ጥፋቱ የአሠሪው መሆኑን ማስረዳት አያስፈልግም። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ፣ ሰክሮ ካልመጣ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ካልጣሰ በቀር። የመጀመሪያ ሕክምናውና ወደ ሆስፒታል ማድረሱ የአሠሪው ግዴታ ነው። ሠራተኛው መሥራት ባልቻለበት ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። ቋሚ ጉዳት ከቀረበት የአካል ጉዳት ካሳ አለ፤ መጠኑ በሐኪም ቦርድ ይወሰናል። አደጋው በአካባቢው ላለው የሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤት ይመዝገብ። የይርጋ ጊዜ ስላለው ወራት አታሳልፉ።

"የቀን ሠራተኛ ነህ፣ ውል የለህም" የሚሉትን አትስሙ። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። የሚያስቸግረው እዚያ ሳይት ላይ ትሠራ እንደነበር ማስረዳቱ ነው። የእኛ ልጅ ስሙ ፔይሮል ላይ አልነበረም፤ ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር የሠራው። የተገኘለት ማስረጃ የካቦው ደብተር ነው፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ የየቀኑ ስም ዝርዝር፣ ጭቃ የነካው። በዚያ ገጽና በሦስታችን ምስክርነት ነው የተከፈለው። ጠዋት ስማችሁ ሲጻፍ ያንን ገጽ በስልካችሁ አንሱና ለቤተሰብ ላኩት።